የቪዲዮ ማከራያዎች ወዴት ገቡ? ከካሴት እስከ ስልክ በጉለሌ

እንደሚታወቀው በ1990ዎቹ አንድን የአዲስ አበባ ሰፈር ሰፈር የሚያሰኙት የታወቁ ቤቶች ነበሩ። ወፍጮ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ከዚያም ቪዲዮ ማከራያ። በእኛ በጉለሌም ነገሩ ያው ነበር። ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከዊንጌት እስከ ቀጨኔ በሩን በፊልም ፖስተር የሸፈነ ጠባብ ቤት አይጠፋም ነበር። ዛሬ ወፍጮ ቤቱም አለ፣ ፀጉር ቤቱም አለ፣ ሥጋ ቤቱማ ምን ይሆናል። ማከራያው ግን የለም። የነበረበት ቤት ወይ ሞባይል ጥገና ሆኗል፣ ወይ ቡቲክ፣ ወይ ደግሞ ከነአካቴው ፈርሷል።

«ምን ገደለው?» ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ኢንተርኔት። ኔትፍሊክስ መጣ፣ ዩቲዩብ መጣ፣ በቃ ማከራያ ሞተ እንላለን። መልሱ ለአሜሪካ ይሠራል። ለጉለሌ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም እኛ ጋ ማከራያው የሞተው ኢንተርኔቱ ፊልም ማሳየት ከመቻሉ በፊት ነው። ታዲያ ማን ገደለው? በምትኩስ ምን መጣ? ማንስ ተጠቀመ፣ ማንስ ተጎዳ? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ለማየት ይሞክራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጉዳዩ እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን ለምን እንደሚመለከት እንነጋገራለን። (ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የውጭው ሲሆን እ.ኤ.አ. ተብሎ ተጽፏል።)

ማከራያና ቪዲዮ ቤት አንድ አይደሉም

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። «ቪዲዮ ቤት» የሚባለው ሰው ገብቶ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ለአንድ ፊልም ሳንቲም ወይም ጥቂት ብር ከፍሎ የሚያይበት ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ጥቁር መጋረጃ፣ ውጭ ደግሞ የዕለቱን ፊልም የሚያስነብብ በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ። «ማከራያ» ግን ካሴቱን ይዘኸው ቤትህ የምትሄድበት ነው። አንዳንዱ ባለቤት ሁለቱንም ደርቦ ይሠራ ነበር፤ ዋናው ልዩነት ግን ቤቱ ዴክ ያለው ሰው ማከራያ ይሄዳል፣ የሌለው ቪዲዮ ቤት ይገባል።

ሁለቱም የቆሙት በአንድ ቴክኖሎጂ ላይ ነው። ቪኤችኤስ የተባለውን ካሴት የጃፓኑ ጄቪሲ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በፊት ፊልም ማየት ማለት ሲኒማ ቤት መሄድ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም የሚያሳየውን የሚመርጠው እሱ ራሱ ነው። ካሴቱ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ይኸው ነው፤ ምን እንደሚታይና መቼ እንደሚታይ የሚወስነው ተመልካቹ ሆነ።

የማከራያው አሠራር ቀላል ነበር። መጀመሪያ መታወቂያ ወይም ማስያዣ ገንዘብ ታስቀምጣለህ። ስምህና የወሰድከው ፊልም ደብተር ላይ ይመዘገባል። ካሴቱ በማግስቱ ይመለሳል፤ ካደረ ቅጣት አለው። ሳያጠነጥን የመለሰም ይቆጣሉታል፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ራሱ ዴክ ውስጥ ከትቶ ወደ ኋላ ሲያጠነጥን የዴኩ ዕድሜ ያልቃል። ፊልሙ ብዙ ጊዜ የሚጠራው በርእሱ ሳይሆን በተዋናዩ ነው። የቫንዳም አለ? የጃኪ ቻን አዲሱ ገብቷል? የህንድ ምን አለ? ይባላል። ባለቤቱም ደንበኛውን ያውቀዋል። ማን አክሽን እንደሚወድ፣ የማን እናት የህንድ ፊልም እንደምታይ፣ የትኛው ፊልም ለልጆች እንደማይሰጥ ያውቃል። ዛሬ ኔትፍሊክስ በኮምፒዩተር ስሌት «ይህን ብታዩ ትወዱታላችሁ» እያለ የሚሠራውን ሥራ ያኔ የሚሠራው ባንኮኒ ጀርባ የቆመ አንድ ሰው ነበር ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ እንዴት ሞተ?

ለማነጻጸር ያህል የታወቀውን ታሪክ ባጭሩ እንየው። ብሎክበስተር የተባለው የቪዲዮ ማከራያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 በዳላስ ከተማ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2004 ገደማ ከ9 ሺህ በላይ ሱቆች ነበሩት። ኔትፍሊክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ተመሠረተ፤ ሥራውም ዲቪዲ በፖስታ ማከራየት ነበር። ደንበኛው በኢንተርኔት ይመርጣል፣ ዲስኩ በፖስታ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል፣ አይቶ በፖስታ ይመልሳል። በኋላም ወርሃዊ ክፍያ አደረገውና የቅጣት ነገር ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2000 የኔትፍሊክስ መሥራቾች ድርጅታቸውን በ50 ሚሊዮን ዶላር ለብሎክበስተር ሊሸጡ ጠይቀው ነበር፤ ብሎክበስተር ግን አልፈለገም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ኔትፍሊክስ ፊልሞቹን በኢንተርኔት በቀጥታ ማሳየት ጀመረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2010 (እ.ኤ.አ.)፣ ብሎክበስተር ኪሳራውን አሳውቆ ፍርድ ቤት ገባ። ዛሬ በስሙ የቀረው አንድ ሱቅ ብቻ ሲሆን እሱም በኦሬገን ግዛት ቤንድ በምትባል ከተማ ይገኛል። ኔትፍሊክስ ራሱም በፖስታ ዲቪዲ መላኩን እ.ኤ.አ. በ2023 አቁሟል።

እንግዲህ የአሜሪካው መንገድ ሦስት ደረጃ አለው። ሱቅ፣ ቀጥሎ ፖስታ፣ ቀጥሎ ኢንተርኔት። እያንዳንዱን ደረጃ የተሸከመው ከሥሩ ያለ ሌላ ነገር ነው። ቤት ለቤት የሚያድል ፖስታ፣ በየኪሱ ያለ የባንክ ካርድ፣ ፈጣንና ርካሽ የቤት ኢንተርኔት። አሁን ወደ ጉለሌ እንመለስ።

እኛ ጋ ለምን በዚያ መንገድ አልሄደም?

በመጀመሪያ ፖስታ። በአገራችን ደብዳቤ የሚመጣው ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ ወደ ቤት ቁጥር አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ላለ ቤት ዲቪዲ በፖስታ ላክ ቢባል አድራሻው «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ በር» ሊሆን ነው። በሁለተኛ ደረጃ ካርድ። በ1990ዎቹ ፊልም በባንክ ካርድ ከፍሎ የሚከራይ ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ኢንተርኔቱ ነው። ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን ለብዙ ዓመታት ግንኙነቱ በስልክ መስመር የሚደወል፣ ፎቶ ለመክፈት እንኳ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። በዚያ መስመር ላይ ፊልም ማየት የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ የእኛ ማከራያ የሞተው በሌላ መንገድ ነው። ገዳዩ አንድ አይደለም። አራት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ተራ በተራ እንያቸው።

አንደኛው ገዳይ፦ ሲዲ

ካሴት ለመቅዳት ሁለት ዴክ ያስፈልጋል፤ የሁለት ሰዓት ፊልም ለመቅዳትም ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከዚህም በላይ ከቅጂ ላይ ሲቀዳ ሥዕሉ እየደከመ ይሄዳል። አምስተኛው ቅጂ ላይ የተዋናዩን ፊት ለመለየት መገመት ያስፈልጋል። ይህ ድካም ሳያስበው ማከራያውን ሲጠብቀው ኖሯል። ጥሩ ቅጂ ያለው ጥቂት ሰው ስለሆነ ጥሩ ቅጂ ማከራየት ያዋጣል።

ቪሲዲ ይህን ሁሉ ገለበጠው። ቪሲዲ በተራ ሲዲ ላይ የተጫነ ፊልም ነው። ጥራቱ ከካሴት ብዙ አይሻልም፤ አንዱ ዲስክም የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ነው። «ሲዲ አንድ፣ ሲዲ ሁለት» የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ ነው። 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ የሚፈጀው «ታይታኒክ» በካሴት ሁለት፣ በቪሲዲ ደግሞ ሦስት ዲስክ ይፈልጋል። ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ አይደለም። ሲዲ በኮምፒዩተር ሲቀዳ በደቂቃዎች ያልቃል፤ መቶኛው ቅጂም ከመጀመሪያው አያንስም። ባዶ ዲስክ ደግሞ ከባዶ ካሴት ይረክሳል።

ከዚያ ዲቪዲ መጣ። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ይይዛል። በተመሳሳይ ዘመን ፊልምን እስከ 700 ሜጋ ባይት ድረስ የሚያሳንሱ አዳዲስ የማመቂያ ዘዴዎች ተስፋፉ። ሒሳቡን እንሥራው። 4.7 ጊጋ ሲካፈል ለ700 ሜጋ ስድስት ፊልም ይሆናል። አዟሪ ልጆች በየመንገዱ «ስድስት በአንድ» እያሉ ይሸጡት የነበረው ዲስክ አስማት አልነበረም፤ ይህ ማካፈል ነው። ስድስት ፊልም የያዘ ዲስክ ለራስህ ገዝተህ መሄድ ከቻልክ አንዱን ፊልም ለአንድ ቀን ለምን ትከራያለህ? መታወቂያ ማስያዝ የለ፣ ቅጣት የለ፣ መመለስ የለ።

እኔ በዕድሜዬ የደረስኩት በዚህ በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ሰፈራችን በቀረው አንድ ማከራያ ዲስክ እንድመልስ ታላቅ ወንድሜ ይልከኝ ነበር። ያኔ ሱቁ ግማሹ ማከራያ፣ ግማሹ መሸጫ ሆኗል። ትንሽ ቆይቶ የማከራያ ደብተሩ ከባንኮኒው ላይ ጠፋ፤ በቦታው ባዶ ዲስክ ተደረደረ። ሱቁ አልተዘጋም፤ ሥራው ነው የተለወጠው።

ሁለተኛው ገዳይ፦ ዲሽ

ሲዲው መሬት ላይ ሲሠራ ዲሹ ከላይ መጣ። ኤምቢሲ ሁለት የተባለው የዓረብ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የአሜሪካ ፊልሞችን ያለ ወርሃዊ ክፍያ ማሳየት ጀመረ። ዓረብኛውን ከሥር የሚያነብ ባይኖርም ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው። አንዴ ዲሽና ሪሲቨር የገዛ ቤተሰብ ቀን ከሌት ፊልም አለው። በኋላ ደግሞ በአማርኛ የሚያሰራጩት መጡ። ኢቢኤስ በ2000 ዓ.ም.፣ ቃና ደግሞ በ2008 ዓ.ም.። በተለይ ቃና የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ መልሶ በማቅረቡ ቋንቋ የሚያስቸግራቸውን እናቶችና አያቶች ሁሉ ሰበሰበ። እኛ ቤት ለምሳሌ ማታ ማታ ሪሞቱ ከማን እጅ እንደሚሆን ክርክር የተጀመረው ያኔ ነው።

ቪዲዮ ቤቱንም ዲሽ ለወጠው። በዲኤስቲቪ የአውሮፓ እግር ኳስ ሲመጣ ብዙው ቪዲዮ ቤት ወደ ኳስ ማሳያነት ተዛወረ። ከኳስ ቀን ውጪ ደግሞ ፕሌይስቴሽን ገባበት። አግዳሚው ያው ነው፣ መጋረጃው ያው ነው፤ ፊልሙ ብቻ ወጣ።

ሦስተኛው ገዳይ፦ ፍላሽ

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ሲረክሱ ዲስኩም ራሱ አላስፈላጊ ሆነ። «ፊልም እንጭናለን» የሚል ወረቀት የለጠፈ፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ወንበር ያለው ሱቅ በየሰፈሩ ተከፈተ። ፍላሽህን ትሰጣለህ፣ ከዝርዝሩ ትመርጣለህ፣ በጥቂት ደቂቃ ተጭኖ ይሰጥሃል። 32 ጊጋ የሚይዝ አንድ ፍላሽ ባለ 700 ሜጋ ፊልም ከአርባ በላይ ይወስዳል። የውጭ ተከታታይ ፊልም ከነምዕራፉ፣ የኮሪያ ድራማ፣ በአንድ ሰው ድምፅ በአማርኛ የሚተረክ የህንድ ፊልም፣ ሁሉም እዚያ አለ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። የመጫኛ ሱቁ ኢንተርኔትን የሚጠቀም፣ ለደንበኛው ግን ኢንተርኔት የማያስፈልገው ቤት ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ያወርዳል፣ ሰፈሩ በሙሉ ይካፈላል። በሌላ አነጋገር ለብዙ የጉለሌ ቤተሰብ «ኢንተርኔት» ማለት ለረጅም ጊዜ የመጫኛ ሱቁ ልጅ ነበር። በፈረንጅ አገር ማከራያውን የተካው ስትሪሚንግ ሲሆን በእኛ አገር የተካው ፍላሽ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አራተኛው፦ ዘግይቶ የመጣው ስትሪሚንግ

አሁን ወደ ስትሪሚንግ እንምጣ። ስትሪሚንግ ማለት ፊልሙን ሙሉ በሙሉ አውርዶ ሳያስቀምጡ እየመጣ እያለ ማየት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊልሙ ጥቂት ሰከንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ቁራጭ በተለያየ ጥራት ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ስልክህ የመስመሩን ፍጥነት እየለካ መስመሩ ጥሩ ሲሆን ጥራቱን ከፍ ያደርጋል፣ ሲዳከም ዝቅ ያደርጋል። ሥዕሉ በድንገት የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ቀጣዩ ቁራጭ ሳይደርስ የያዝከው ካለቀ ደግሞ ያቺ የምትሽከረከር ክብ ትመጣለች።

ዋናው ወጪ ዳታው ነው። ኔትፍሊክስ ራሱ በሚሰጠው ግምት መሠረት በመደበኛ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት እስከ 1 ጊጋ ባይት ይፈጃል፤ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ እስከ 3 ጊጋ። ስለዚህ የሁለት ሰዓት ፊልም በመደበኛው ጥራት እስከ 2 ጊጋ ገደማ ነው። ያንኑ ፊልም ፍላሽ ላይ ለማስጫን ከዳታህ አንድ ሜጋ አይነካም። ፓኬጅ በካርድ ለሚሞላ ተማሪ የትኛው እንደሚመረጥ መናገር አያስፈልግም።

ሆኖም ነገሮች ተለውጠዋል። በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የ4ጂ አገልግሎት ተጀመረ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፉን በ43 በመቶ ቀነሰ። መስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ኦፕሬተር ተገኘ። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ስልኩ ላይ ድራማ የሚያይ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም።

ግን ምን ላይ ነው የሚያየው? ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ከ130 በላይ አገሮችን በአንድ ቀን ሲጨምር ኢትዮጵያም ነበረችበት። ይሁን እንጂ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው። ብር ያለበት ካርድ ይዞ ዶላር የሚጠይቅ በር ማንኳኳት ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ በብር ሲሰላ ዋጋው ይብሱን ከፍ ብሏል። ስለዚህ የእኛ ስትሪሚንግ በዋናነት ሁለት ነገር ነው፤ ዩቲዩብና ቴሌግራም። ዩቲዩብ ያለ ክፍያ ነው፣ የአማርኛ ፊልምና ድራማ ሞልቶበታል። ቴሌግራም ደግሞ በጥብቅ ትርጉሙ ስትሪሚንግ አይደለም፤ እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ ፋይል የሚላላኩበት መተግበሪያ ነው። ፊልም የሚለጥፉት ቻናሎች የመጫኛ ሱቁን ሥራ ወደ ስልክ ያዛወሩ ናቸው ብንል ያስኬዳል።

አንድ ነገር ግን መርሳት የለብንም። በኢንተርኔት የመጣ ነገር በኢንተርኔት ይሄዳል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ታግደው ቆይተዋል፤ ለመክፈት ቪፒኤን ያስፈልግ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሠራው ፍላሹ ነው። ካሴትና ፍላሽ በእጅህ ያለ ነገር ነው፤ ስትሪሚንግ ግን በሌላ ሰው እጅ ያለውን ለጊዜው ማየት ነው።

ማን ተጠቀመ? ማን ተጎዳ?

ተመልካቹ ተጠቅሟል፤ ይህ አያከራክርም። የሚያየው በዝቷል፣ የሚከፍለው ቀንሷል። ነገር ግን «የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» ይባላል። ነጻ ፊልም ስንልስ የከረምን እኛ ተራራው የማን እንደሆነ አልጠየቅንም።

ሕጉ ምን ይላል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራውን ቅጂ በሽያጭ ወይም በኪራይ ለሕዝብ የማሰራጨት መብት የሥራው ባለቤት እንደሆነ ደንግጓል። ማለትም ማከራየትም ቢሆን ፈቃድ ይጠይቃል። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። በማከራያዎቹ ዘመን ኢትዮጵያ የበርን ስምምነት የተባለውን ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት አልፈረመችም ነበር። በመሆኑም የውጭ ፊልም የሚያከራየውን ሰው የሚጠይቀው ባለቤት በአካባቢው አልነበረም። ሁሉም ማከራያ ሲያድግ የኖረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። እውነቱን እንነጋገር ካልን የማከራያው ዘመን ንጹሕ፣ የፍላሹ ዘመን ብቻ ሌባ አልነበረም።

የተጎዳው የአገር ውስጡ ፊልም ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» እና እንደ ሠራዊት ፍቅሬ «ሰማያዊ ፈረስ» ያሉ ፊልሞች በሲኒማ ቤት ሰልፍ ሲያስይዙ አዲስ ገበያ ተከፈተ። የቪዲዮ ካሜራው ርካሽ ስለነበር ብዙ ሰው ፊልም መሥራት ቻለ። ግን ፊልሙ ዲስክ ሆኖ ከወጣ በማግስቱ «ስድስት በአንድ» ውስጥ እንደሚገባ ፕሮዲዩሰሩ ያውቃል። ስለዚህ ብዙዎቹ ፊልማቸውን በሲኒማ ቤት ብቻ እያሳዩ በዲስክ ሳያወጡ ለረጅም ጊዜ ያዙት። ተመልካቹ በሕጋዊ መንገድ የሚገዛው አጣ፤ ሕገወጡን ገዛ። ሕገወጡ ስለበዛ ፕሮዲዩሰሩ ይበልጥ ደበቀ። ክቡ እንዲህ ሲዞር ኖረ።

ዩቲዩብ ይህን ክብ በከፊል ሰብሮታል። ዛሬ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ሲወርድ ባለቤቱ ራሱ ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል፤ ከማስታወቂያውም ገንዘብ ይገኛል። ነገር ግን ማስታወቂያ የሚከፍለው ተመልካቹ ባለበት አገር ዋጋ ነው። ከዋሽንግተን የሚመጣ ተመልካች ከሽሮ ሜዳ ከሚመጣው የተሻለ ያስገባል። ድሮ በዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የሐበሻ ሱቆች ከእንጀራና ከበርበሬ ጎን የአማርኛ ድራማና ሙዚቃ በካሴትና በዲስክ ይገኝ ነበር። ያ ገበያ አሁን ወደ ዩቲዩብ፣ እንደ ሐበሻ ቪውና ሶደሬ ወዳሉ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ዞሯል። ባህር ማዶ ያለው ወገናችን ዋና ደንበኛ ሲሆን ታሪኩም ለእሱ ናፍቆት እየታሰበ መጻፉ አይቀርም። ለሰፈራችን ሰው የሚሆነው ታሪክስ? ይህ ልናስብበት የሚገባ ጥያቄ ነው።

ካሴት ውስጥ የቀረው

ከላይ የተነሳው ሁሉ የገበያ ጉዳይ ነው። አሁን የምነሳው ግን እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ የሚያሳስበኝ ነው።

ማከራያው ሱቅ ብቻ ሳይሆን ሳያውቀው መዝገብ ቤትም ነበር። በመደርደሪያው ላይ የውጭ ፊልም ብቻ አልነበረም። በቪኤችኤስ የተቀረጹ የአማርኛ ድራማዎችና ቲያትሮች፣ የሙዚቃ ክሊፖች፣ ቀልዶች ነበሩ። ብዙዎቹ ሠርግ የሚቀርጹትም እነሱ ወይም የጎረቤታቸው ፎቶ ቤት ነበር። ሱቁ ሲዘጋ የውጩ ፊልም አልጠፋም። «ታይታኒክ» በዓለም ላይ ስንት ሺህ ቦታ ተቀምጧል! የአማርኛው ግን ጥቂት ካሴት ላይ ብቻ ነበር። እሱ ነው የጠፋው፣ ወይም እየጠፋ ያለው።

ለምን ይጠፋል? ካሴት ማለት በላዩ ላይ የማግኔት ዱቄት የተለጠፈበት ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ከጊዜ ጋር ዱቄቱን የያዘው ማጣበቂያ ይደክማል፣ የማግኔቱም ኃይል ይቀንሳል። እርጥበትና አቧራ ደግሞ ያፋጥኑታል፤ የጉለሌ ክረምት ምን እንደሚመስል የእንጦጦን ጭጋግ የሚያውቅ ያውቀዋል። ካሴቱ ደህና ቢሆን እንኳ ማጫወቻው ከየት ይመጣል? የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል። ስለዚህ በየቀኑ የሚሠሩ ዴኮች ቁጥር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

የእናቴና የአባቴ ሠርግ በቪኤችኤስ አለ። ካሴቱ ቁም ሣጥን ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቤታችን ግን የሚሠራ ዴክ የለም። እኔና ወንድሜ አያታችን እስክስታ ሲወርዱ አይተን አናውቅም፤ እዚያ ካሴት ውስጥ እንዳሉ ብቻ ይነገረናል። በየጉለሌው ቤት እንዲህ ያለ ካሴት አይጠፋም ብዬ አምናለሁ።

ስትሪሚንግ ይህን አያድነውም። ዩቲዩብ የሚያሳየው አንድ ሰው ያስገባለትን ብቻ ነው። ማንም ያላስገባው እንደሌለ ይቆጠራል። ከሃያ ዓመት በኋላ የ1980ዎቹንና የ1990ዎቹን የአዲስ አበባ ኑሮ የሚያጠና ሰው ዩቲዩብ ላይ ፈልጎ ሲያጣ «አልነበረም» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ማከራያውን መልሰን እንክፈት አልልም፤ ዘመኑ አልፏል። ነገር ግን ከእኛ ከዲፓርትመንቱ ተማሪዎች አቅም በላይ ያልሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ ብዬ አስባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን ቤታችን ያለውን ካሴት እንመዝግብ። ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተቀረጸ፣ ማን እንደቀረጸው በወረቀት ጽፈን ካሴቱ ላይ እንለጥፍ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚያስታውሱ ወላጆቻችን በሕይወት እያሉ ግን መሠራት አለበት።

ሁለተኛ፣ ካሴትን ወደ ፍላሽ ማዛወር ከባድ ሥራ አይደለም። የሚሠራ አንድ ዴክ፣ ምስሉን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ አንድ ትንሽ መሣሪያና ኮምፒዩተር ይበቃል። ካሴቱ እየተጫወተ ስለሚቀዳ የሁለት ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ትዕግሥት እንጂ ልዩ ሙያ አይጠይቅም። ዲፓርትመንቱ አንድ ዴክ ፈልጎ ስቱዲዮ ውስጥ ቢያስቀምጥ ለተማሪውም ልምምድ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ማከራያ የነበራቸውን ሰዎች እናነጋግር። በየሰፈሩ አሉ፤ ዛሬ ሞባይል የሚጠግኑ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ ጡረታ የወጡ። ሕዝቡ ምን ያይ እንደነበር፣ ምን እንደተከለከለ፣ የትኛው ፊልም እስኪያልቅ እንደተከራየ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ደብተራቸውን ያልጣሉም ሊኖሩ ይችላሉ። የቃለ መጠይቅ ኮርስ እየወሰድን ርእስ ለምንፈልግ ሁሉ ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ አይታየኝም።

ለማጠቃለል ያህል፣ የጉለሌን ቪዲዮ ማከራያ የገደለው ስትሪሚንግ አይደለም። በመጀመሪያ ዲስክ አደከመው፣ ዲሽ ደንበኛውን ወሰደበት፣ ፍላሽ ቀበረው። ስትሪሚንግ የደረሰው ለለቅሶ ነው። እሱም ቢሆን እንደ በፊተኞቹ አንድ ቀን ተራውን ይለቃል። እስከዚያው ግን ካሴቶቹ በየቁም ሣጥኑ እየደከሙ ነው፤ የሚሠራ ዴክ ያለው ሰው ካለ ለዲፓርትመንቱ ጽሕፈት ቤት ቢያሳውቅ በቅርቡ መጀመር እንችላለን።